«ደህና ነኝ» ተራራ ላይ አይሠራም

ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አምስት ሆነን ወደ ባሌ ተራሮች ሄደን ነበር። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ14 ዓመቷ ልጃችን፣ የ9 ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ እና የ67 ዓመቷ እናቴ። ከተመለስን ወዲህ የሚያውቁን ሰዎች ሁለት ጥያቄ ይጠይቁናል። አንዱ «በዚያ ብርድ ትንሽ ልጅና ትልቅ ሰው ይዞ ተራራ መውጣት ምን የሚሉት ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «እኛስ ብንሄድ ከየት እንጀምር?» ይላል። ለሁለቱም ያለኝ መልስ አንድ ስለሆነ፣ ስለ ዝግጅታችን ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ ስለ ወቅቱ። ከተማ ውስጥ ብርድ ሲባል የሚታየን ክረምት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭቃና ጃንጥላ። ተራራው ላይ ግን ጠንካራው ብርድ የሚወርደው በበጋ ሌሊት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር፣ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት የሚይዝለት ደመና አያገኝም። ንጋት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭቶ ይገኛል። በባሌው የሳነቴ አምባ ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የደረሰበት ጊዜ አለ። ቀኑ ግን ፀሐያማ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ወንዙም አይሞላም። ስለዚህ ለጀማሪ እግረኛ የሚመቸው ወቅት ይኸው የውርጭ ወቅት ነው። ሌሊቱን ጣራና ግድግዳ ባለው ቤት ማሳለፍ ከተቻለ ብርዱ የሚቻል ነገር ነው።

ቀኑን የቆረጠችልን እናቴ ናት። ታኅሣሥ የነቢያት ጾም ነው፤ «ጾሜን አልፈታም፣ ባዶ ሆዴንም ዳገት አልወጣም» አለች። ከገና በኋላ ደግሞ ጥምቀትን ከደብሯ ታቦት ጋር ሳታሳልፍ የትም አትንቀሳቀስም። ነነዌ ሲገባ ነገሩ መልሶ ይዘጋል፤ ዐቢይ ጾም ይከተላል። ልጆቹም ዕረፍት የሚያገኙት የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲያልቅ ነው። ሁሉን በአንድ ካሌንደር ላይ ስናስቀምጠው የተረፈችን አንዲት ሳምንት ነበረች። ለቤተሰብ ጉዞ ቀን ሲቆረጥ የትልቅ ሰው ጾምና የልጅ ፈተና ከአየሩ እኩል መታየት አለባቸው። አለዚያ አንዱ ተከፍቶ ነው የሚሄደው።

ባሌን የመረጥነው ከፍታውን ደረጃ በደረጃ ስለሚሰጥ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ መኪና በር ድረስ ይገባል። ከተማዋ 3,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ወይብ ሸለቆ በእግር ሲኬድ 3,500 ሜትር አካባቢ ይደረሳል። በጎባ በኩል ደግሞ የመኪናው መንገድ ሳነቴን ያቋርጣል። አምባው 4,000 ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። የደከመው ሰው በየትኛውም ቀን ወደ ታች የሚመለስበት መንገድና መኪና አለ ማለት ነው። ይህ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚመዝን ምክንያት ነበር። ፓርኩ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚኖሩትም እዚያው ነው። ልጆቹን ከስልካቸው ላይ ያነሣልኝ ይህ የቀበሮው ነገር ነው።

ከመነሣታችን በፊት ባለው ሳምንት በየመንገዱ ያሉ ሰዎችን በስልክ ጠይቀን መንገዱ ሰላም መሆኑን አረጋገጥን። ከመነሣታችን በፊት ባለው ምሽትም ደግመን ጠየቅን። የፓርኩን መግቢያ፣ የአስጎብኚውን፣ የፈረሱንና የማደሪያውን ዋጋም አስቀድመን ጠይቀን በወረቀት ጻፍን። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የዓምናን ሰው ምክር ይዞ መሄድ አይበቃም።

አሁን ወደ ከፍታው ሂሳብ ልግባ፤ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባው ዋናው ነገር ይህ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሰውነታችን ለስስ አየር ጥቂት ለምዷል። 4,000 ሜትር ላይ ግን በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው 60 በመቶ ያህሉ ነው። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። ጊዜ ካልተሰጠው የከፍታ ሕመም የሚባለው ይመጣል፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት። ጉልበተኛ መሆን ከዚህ አያድንም፤ ሩጫ የሚሮጠው ወጣት ወድቆ አያቱ ደህና ልትሆን ትችላለች። ሐኪሞች የሚሰጡት ደንብ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲኬድ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። የሚቆጠረው የምንተኛበት ቦታ ነው። ቀን ከፍ ብሎ ደርሶ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ሰውነትን ያለማምደዋል።

በዚህ መሠረት አራቱን ሌሊት እንዲህ ደለደልናቸው። የመጀመሪያውን ሌሊት ከዲንሾ ዝቅ ብላ በምትገኘው ዶዶላ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዲንሾ፣ አራተኛውን ሮቤ። ሳነቴ ላይ ማንም አያድርም፤ በመኪና ወጥተን፣ ጥቂት ሰዓት ቆይተን፣ ሳይመሽ እንወርዳለን። ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ የሚነሣ ቤተሰብ ዲንሾ ከመድረሱ በፊት አንድ ሌሊት ቢጨምር ይሻለዋል። ለገና ከዓረብ አገር ወይም ከአውሮፓ የመጣ ዘመድ ካለም አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ቀን ሳያርፍ ባይወሰድ ይመረጣል።

እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ስለዚህ ከወር በፊት ሐኪሟ ጋር ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ግፊቷን ለካ፣ ልቧን አዳመጠ፣ የምንሄድበትን ከፍታ በቁጥር ጠየቀን። መድኃኒቷን አንድ ቀን እንዳታቋርጥ፣ ለተጨማሪ ቀናት የሚሆንም እንድንይዝ፣ ራስ ምታት ከተሰማት ከፍ ወዳለ ቦታ እንዳትሄድ ነገረን። የልብ፣ የሳንባ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች፣ ይህን ምክክር ሳያደርጉ ባይነሡ ይመከራል። ትንንሽ ሕፃናት ደግሞ የሚሰማቸውን መናገር ስለማይችሉ ይለያሉ። ያለወትሮው መነጫነጭ፣ ጨዋታ መተው፣ አልበላም ማለት የሕመሙ ምልክት ሊሆን ይችላል። የእኛ ትንሹ ዘጠኝ ዓመቱ ስለነበር የት እንደሚያመው መናገር ይችላል። ከዚያ በታች ቢሆን ኖሮ ጉዞውን እናቆየው ነበር።

ለልምምድ የመረጥነው እንጦጦን ነው። አናቱ ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ለአዲስ አበባ ሰው ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም። ለስድስት ሳምንት በየቅዳሜው ጠዋት ወጣን። በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ሰዓት፣ በመጨረሻው አራት ሰዓት ያህል ተጓዝን። ፍጥነቱን የምትወስነው እናቴ ነበረች። ከፊት አስቀደምናት፣ ማንም እንዳያልፋት ተስማማን። እየሄዱ ወሬ ማውራት ካልተቻለ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ጫማውም የተለመደው እዚያ ነው። አዲስ ጫማ ይዞ ተራራ መሄድ እግር ላይ ውሃ መቋጠር ነው። የልጄ ጫማ ተረከዟን እንደሚልጣት ያወቅነው በሁለተኛው ቅዳሜ ስለሆነ ለመለወጥ ጊዜ ነበረን።

ልብስን በተመለከተ ከእናቴ ጋር ተከራክረናል። እሷ ጋቢዋን ይዛ ልትሄድ ነው። ጋቢ ቤት ውስጥ እሳት ዳር እንደሱ ያለ የለም፤ ነገር ግን ጥጥ ስለሆነ ላብ ወይም ጤዛ ሲነካው ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ሙቀትም ያሳጣል። ሱፍ ረጥቦም ቢሆን ይሞቃል። የመንዝ ሰው በርኖስ የሚለብሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጨረሻ ጋቢው ለማደሪያ፣ ለመንገድ ደግሞ ሦስት ድርብ እንዲሆን ተስማማን። ከውስጥ ላብ የማይዝ ስስ ልብስ፣ በላዩ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ዳገት ሲጀመር አንዱን ማውለቅ፣ ሲቆም ወዲያው መልበስ ያስፈልጋል፤ ልጆች ይህን አያስታውሱምና ማስታወሱ የወላጅ ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ጥንድ ወፍራም ካልሲ፣ የግንባር ባትሪ ያዝን። ፀሐዩ ከብርዱ ጋር አብሮ ስለሚያቃጥል ባለ ጥላ ኮፍያ፣ የፀሐይ መነጽርና የፀሐይ ክሬምም ጨመርን። ሲመሽ ደግሞ ትኩስ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በካልሲ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ለልጅም ለአያትም እንቅልፍ ይሰጣል።

ስንቁን የያዘችው እናቴ ናት፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ሽሮ። ሥጋ አልያዝንም። ፈረስ የሚስቡትና መንገድ የሚመሩት የአካባቢው ሰዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ስለሆኑ፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ የምንቆርሰው ነገር ይሻላል ብላ ነው። የእሷ ረቡዕና ዓርብም በዚያው ተቃለለ። ሽሮ ሌላም ጥቅም አለው። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ሳነቴ ላይ ከ90 ዲግሪ በታች ይንተከተካልና ባቄላና ምስር ቶሎ አይበስሉም። ማገዶ ከፓርኩ ላለመልቀም ቡታጋዝ ይዘናል። ጀበናውንም አልተውንም። ቡና የለመደ ሰው ጠዋት ካልጠጣ ራሱን ያመዋል፤ ያ ራስ ምታት ከከፍታው ጋር ከተምታታ ውሳኔ ያበላሻል።

ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ አንድ ነገር ቀረ፤ ከሁሉም የከበደን እሱ ነው። እኛ ቤት «እንዴት ነሽ?» ሲባል መልሱ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። እናቴ ጥርሷን ታማ ሳለ እንዲሁ ትላለች። እኔም ከእሷ ተምሬ እንዲሁ እላለሁ። ልጆቹም ከእኔ ተምረዋል። ይሉኝታ ነው፤ ሰው አላስቸግር፣ ደስታቸውን አላበላሽ ማለት ነው። ከተማ ውስጥ መልካም ጠባይ የሚባለው ይህ ነገር ተራራ ላይ ሰው ይጎዳል። የከፍታ ሕመም በጊዜ ከተነገረ በዕረፍት ወይም ጥቂት በመውረድ ይሻላል። ተደብቆ ከፍ ሲባል ግን ወደ ሳንባና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል፤ ያ ይገድላል።

ስለዚህ የጣት ደንብ አወጣን። ጠዋት ከቁርስ በፊትና ማታ ከራት በፊት ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ጣቱን ያወጣል። ጭብጥ ማለት ምንም የለም፤ አንድ ጣት ጥቂት ያመኛል፤ ሁለት ጣት ያመኛል፤ ሦስት ጣት በጣም አሞኛል። በአንድ ጊዜ የምናወጣው አንዱ የሌላውን አይቶ እንዳያስተካክል ነው። አንድ ያወጣ ባለበት ያርፋል፣ ውሃ ይጠጣል። ሁለት ያወጣ በዚያ ቀን ከፍ አይልም። ሦስት ያወጣ ደግሞ ወዲያው ይወርዳል፣ ሌሊትም ቢሆን። የሚያስመልሰው፣ እንደ ሰከረ የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የሚዘባረቅበት ወይም ተቀምጦ እያረፈ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ጣቱን ቢያወጣም ባያወጣም ይወርዳል። መኪናውና ሾፌሩ ከእኛ ጋር ያደሩት ለዚህ ነው። ማን ምን እንዳወጣ አይከራከሩበትም፣ አይቀልዱበትም፣ «ትንሽ ቻይው» አይባልም። አንድ ሰው ከቀረ አንድ ትልቅ ሰው አብሮት ይቀራል፤ ማን እንደሚቀር አስቀድመን ተራ አውጥተናል። ደንቡን እንጦጦ ላይ ስድስቱንም ቅዳሜ ተለማመድነው። እናቴ ስድስቱንም ጊዜ ጭብጥ ነበረች።

ዲንሾ በደረስን ማታም ጭብጥ አወጣች። ሌሊቱን ግን ደጋግማ ስትገላበጥ ሰማሁ። ጠዋት ቡናዋን ከጠጣች በኋላ፣ ጣት የምናወጣበት ሰዓት ሲደርስ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ትንሹ ልጅ ሁለት ጣት አወጣ። አያቱ አየችውና እሷም ቀስ ብላ ሁለት አወጣች። «ሌሊቱን ሙሉ ግንባሬን ሲወጋኝ ነው ያደረው፤ መንገዳችሁን እንዳላስቀር ብዬ ነው» አለች። ማንም ምንም አላለም። ተራው የባለቤቴ ስለነበር ከሁለቱ ጋር ቀረ።

እኔና ልጄ ከመሪያችን ጋር ወደ ወይብ ሸለቆ ሄድን። ቀይ ቀበሮ አየን፤ ከሩቅ፣ ጆሮዋን ቀስራ ጉድጓድ አፍ ላይ ስትጠብቅ። የምትጠብቀው ከባሌ በስተቀር የትም የማይገኘውን ግዙፉን ፍልፈል ነው። መሪያችን በዚያው አካባቢ ስላለው የፍንጫ ሐበራ ዋሻ አጫወተን። ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ እንዳደረጉት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች እየመጡ ይኖሩበት ነበር፤ ያን ጊዜ ከፍታው በረዶ የለበሰ ነበር። ይበሉት የነበረው ይህንኑ ፍልፈል ነው፤ እሳት ላይ እየጠበሱ። ልጄ ብዙ ዝም ብላ ቆይታ «እነሱስ ራሳቸውን ያማቸው ነበር?» አለችኝ።

ከሰዓት ስንመለስ ሦስቱን በመሥሪያ ቤቱ አጠገብ፣ ከኮሶና ከጽድ ዛፎች ሥር አገኘናቸው። ቀስ ብለው ሲንሸራሸሩ ሰባት የደጋ አጋዘንና አንድ ከርከሮ ከነግልገሎቿ ቆጥረዋል። ልጁ ጭብጥ አወጣ። እናቴ አንድ ጣት አወጣች።

በማግስቱ ጠዋት እሷም ጭብጥ ሆነች፤ ጎባ ስንደርስ ግን ራሷ ወሰነች። «እናንተ ውጡ፤ እኔ እዚህ ቡና እየጠጣሁ እጠብቃለሁ» አለች። ተራው የእኔ ነበርና አብሬያት ቀረሁ። ሳነቴን ያየነው ልጆቹ ባመጡት ፎቶግራፍ ነው፤ ጅብራው እንደ ምሰሶ ቆሞ፣ ጠዋት የረጋው በረዶ ገና በኩሬው ዳር ሳይቀልጥ። ቅር አላላትም ብዬ አልዋሽም፤ ፎቶውን ሁለት ጊዜ አስመልሳ አየችው። እኔም ቅር ብሎኛል። ነገር ግን አምስት ሆነን ሄደን አምስታችንም በእግራችን ገብተናል። ለመጀመሪያ የተራራ ጉዞ ከዚህ የበለጠ አልጠብቅም።

አዲስ አበባ ከገባን ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ምሳ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃት እናቴ አንድ ጣቷን አወጣች። ልጆቹ ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። ከአልጋ ስትነሣ ከጥቅምት ጀምሮ እንደሚያዞራት፣ ለሐኪሙም እንዳልነገረችው ያን ዕለት ነገረችን። ሰኞ ይዣት ሄድኩ፤ የመድኃኒቷ መጠን ተስተካከለላት።

ዘንድሮም ለመሄድ የሚያስቡ ወላጆችና አያቶች ካላችሁ፣ ጫማውንና ጃኬቱን ቀስ ብላችሁ ትሰበስባላችሁ፤ የሚከራይም የሚዋሱትም አይጠፋም። የጣት ደንቡን ግን ከዛሬው ምሽት ጀምሩት፣ መጀመሪያም ትልልቆቹ አውጡ። ልጅ «አመመኝ» ማለት የሚያፍረው ትልቅ ሰው ሲያፍር አይቶ ነው።